ጆንያው ይቅደም ወይስ ጣሳው?

የተማረ ሰው ሲሞኝ ካልተማረው ይብሳል። ያልተማረው ቢሳሳት አንድ ማሳ ያበላሻል፣ ቢበዛ አንድ በሬ ገደል ይሰዳል። የተማረው ሲሳሳት ግን ሦስት ቀበሌ ያስነሣል። ሰው ለማማት አይደለም እንዲህ የምለው፤ ራሴን ነው የማማው። ሦስት ቀበሌ ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያስነሣሁትም በሁለት ሳጥንና «አሥራ ሁለት» በምትል አንዲት ቁጥር ነው። ጊዜ ካላችሁ ላውጋችሁ፤ ጊዜ ከሌላችሁም አውግቼ ነው የምለቃችሁ።

ንፋስ መውጫ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው በኛ አገር ሁሉን አዋቂ ነው። ስልክ ሲበላሽ እኔ ጋ ይመጣል፤ ሬዲዮ ሲታፈን እኔ ጋ ይመጣል። አንድ ቀን አንድ የወፍጮ ቤት ሰው ወፍጮው ቆሞበት መጣና፣ ኮምፒውተር የገባው ሰው ወፍጮ ምን ያቅተዋል አለኝ። አልችልም ማለት ተናነቀኝ። ሄጄ ክዳኑን ከፈትሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ። በማግሥቱ ወፍጮው በራሱ ጊዜ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ገነነ። ክፋቱ እኔም አመንሁት።

እና በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ሊያገባ ሆነ። እኛ ታች ጋይንት ነን፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ። ሙሽራዋ ውድነሽ ደግሞ የስማዳ ልጅ ናት። ከአባቴ ጓሮ ቆማችሁ ፊት ለፊት ብታዩ የአባቷ የአቶ ጌጡ ቤት ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያችኋል። ጮክ ብላችሁ ብትጣሩ የሚሰሙ ይመስላችኋል። በመሀል ያለው ገደል ግን የዋዛ አይደለም። እስከ ወንዙ ቁልቁል፣ ከወንዙ ሽቅብ፣ ጉልበት ላለው ሰው ግማሽ ቀን ያስኬዳል። እንደኔ ከጠመኔ በላይ ከባድ ነገር አንሥቶ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ስንት እንደሚያስኬድ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

አቶ ጌጡ እንግዳ አክባሪ፣ ግን አንድ ቁስል ያለባቸው ሰው ናቸው። ታላቋን ልጃቸውን ሲድሩ የሙሽራው ወገን አርባ ነን ብሎ ልኮ ዘጠና ሆኖ መጣ። እንጀራው አለቀ፣ ጠላው አለቀ፣ ወደ መጨረሻ የገቡት ሰዎች ንፍሮ ቆርጥመው ወጡ። ያ ንፍሮ እስከ ዛሬ በአገሩ ይወራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ለደሳለኝ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ አቶ ጌጡ እሺ ብለው አንድ መሐላ ጨመሩበት። «ብዛታችሁ አያስፈራኝም፤ ሺህም ሁኑ አበላለሁ። የማልችለው ውሸት ነው። በመጨረሻ ከላካችሁት ቁጥር አንድ ሰው ቢበልጥ ወይም አንድ ሰው ቢጎድል ልጄ ከቤቴ አትወጣም።»

ወንድሜ ይህን ከሰማ ጀምሮ ሰው መቁጠር አመሉ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይቆጥራል፣ ገበያ መሀል ቆሞ ይቆጥራል። ውድነሽን ሦስት ዓመት ጠብቋታል፤ በአንድ ሰው ብልጫ ሊያጣት ነው ብሎ እንቅልፍ አጣ። እኔ ታላቅ ወንድሙ ነኝና፣ ያውም ወፍጮ የፈወስሁ፣ አይዞህ ነገሩን ለኔ ተወው አልሁት።

ስልክ አለ አይደለም ወይ እንዳትሉኝ። ስልኩ አለ፤ ኔትወርኩ ነው የሌለው። በነሱ በኩል ያለው ማማ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ወር ይተኛል። አባቴ አንድ እግረኛ ይሂድና ቁጥሩን ነግሮ ይመለስ አሉ። እኔ ሳቅሁ። በዚህ ዘመን ሰው በእግሩ ይላካል ወይ ብዬ ከልቤ ሳቅሁ። ያን ሳቅ መልሼ መዋጥ ብችል ዛሬም ውጬው አድራለሁ።

ሁለት ሳጥን ሠራሁ። አንዱ እኛ ጓሮ፣ ሌላው አቶ ጌጡ ደጅ የሚቀመጥ፤ እያንዳንዱ አንቴና፣ ቁጥር መጫኛና ትንሽ መስኮት አለው። እዚህ ቁጥር ስትጫኑ እዚያ ማዶ መስኮቷ ላይ ይወጣል፤ እነሱም ሲጫኑ እኛ ጋ ይወጣል። ቁጥር ብቻ፤ ቃል የለ፣ ሰላምታ የለ። የአንደኛውን ሳጥን ልብ የፈታሁት ዘመኑ ካለፈበት፣ ከተጣለ የኔትወርክ ዕቃ ነው። የሁለተኛው አዲስ ነበር። አሮጌና አዲስ አንድ ቀንበር ላይ ማሰሬ ነው፤ ገበሬ ቢሆን ይጠረጥር ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፣ ተረት አላስተምርም።

ሞከርኸው ወይ ብትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ። ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን አስቀምጬ ገና የመጣ እንግዳ ስለሌለ ዜሮ ብዬ ላክሁ። ማዶኛው ላይ ዜሮ ወጣ። ከወዲያኛውም ዜሮ ብዬ መለስሁ፤ ወዲህኛው ላይ ዜሮ ወጣ። በቃ፣ ይሠራል አልሁ። የዚያ ዓይነት ፈተና ለተማሪዎቼ ባወጣ ኖሮ ሁሉም መቶ ከመቶ ያገኙ ነበር።

የማዶውን ሳጥን የተረከቡልን መሪጌታ አስረስ ናቸው፤ የአቶ ጌጡ የነፍስ ወዳጅና የሠርጉ አስማሚ ሽማግሌ። ባሕረ ሐሳብ ከነሐተታው የሚያውቁ፣ ጾምና በዓል በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ ሊቅ ናቸው። ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ የሚመጣውን ቁጥር በግዕዝ አኃዝ መዝግበው፣ ለማረጋገጫ ያንኑ ቁጥር መልሰው ሊልኩልን ተስማማን። ያን የማረጋገጫ ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። በጣም ኮርቼበት ነበር።

ሠርጉ እሑድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ቁጥር ቆረጡ። ብዙ ሰው ይዘን ብንሄድ የአቶ ጌጡን ቁስል እንነካለን፤ ሚዜዎቹ፣ ሽማግሌዎቹና ቄሱ ተደምረው አሥራ ሁለት እንሁን አሉ። አሥራ ሁለት ብዬ ተጫንሁ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ማረጋገጫው መጣ፤ መስኮቷ ላይ አሥራ ሁለት። ወንድሜ አቀፈኝ። አባቴ እንኳ ሳጥኑን መታ መታ አድርገው ጎበዝ አሉት። እኔን አይደለም፣ ሳጥኑን ነው።

ረቡዕ ከጓሯችን ቆመን ስናይ ማዶ ላይ ሰው ይተራመሳል። ባሕር ዛፍ ይወድቃል፣ ግንድ ይጎተታል። ሐሙስ ዳሱ ከቤቱ በለጠ። ማታ ላይ ከአቶ ጌጡ ደጅ አልፎ የጎረቤታቸውን አውድማ ዋጠው። አባቴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሲያዩ ቆይተው፣ አማቻችን ለአሥራ ሁለት ሰው ይህን ያህል ጥላ ምን ያደርግላቸዋል አሉ። እኔ ሰውየው አክባሪ ስለሆኑ ነው አልሁ። አንድ ሰው ሦስት በሬ በሚያስተኛ ቦታ ተጋድሞ ይበላ ይሆናል ብዬም ቀለድሁ። አየ ቀልድ።

ዓርብ አርብ ገበያ ወጣን። እዚያ ከስማዳ ሸክላ ይዛ የመጣች ሴት ድስቶቿን ሳትዘረጋ ወሬዋን ዘረጋች። የአቶ ጌጡ ነገር አልሰማችሁም ወይ ብላ ጀመረች። የሙሽራው ወገን ሦስት ሺህ ሰባ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ሦስት ቀበሌ ወጥቶ ዳስ ይሠራል። በየቤቱ ሊጥ ያልተቦካበት ቡሃቃ፣ ጠላ ያልተጠመቀበት ጋን የለም። በሬዎቹ ለእሑድ ታስረው ይጠብቃሉ። አቶ ጌጡም ቁጥሩን ሲሰሙ ለጊዜው ቁጭ ብለው፣ ኋላ ተነሥተው፣ ሺህም ሁኑ ብያለሁ፣ የማልሁትን አልበላም አሉ። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ስትነግረን ከጎኗ የቆሙት የሙሽራው አባት መሆናቸውን አላወቀችም።

 ለሌላ ሰው ሦስት ሺህ ሰባ ሁለት ቁጥር ነው። ለኔ ግን የገዛ ፊቴ በመስታወት ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለትን በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አባዙት፤ ያው ነው። ምን እንዳጠፋሁ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ለአባቴ ማስረዳቱ ግን ከማጥፋቱ ከበደኝ፤ በመጨረሻ የእህል ተራ ወስጄ ጆንያ ላይ አስቀምጫቸው አስረዳሁ።

አባየ፣ አልሁ፣ የኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። አንዷ ቤት የምትይዘው እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነው። አንድ ሲጨመርበት ሞላ ይባልና እንደ ጆንያ ተሰፍቶ በሁለተኛዋ ቤት ይቆጠራል። ስለዚህ በአንዷ ቤት ጆንያ ይቆጠራል፣ በሌላዋ ቤት ትርፉ ጣሳ ይቆጠራል፤ አንድ ጆንያ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጣሳ ይይዛል። እኔ የላክሁት ምንም ጆንያ፣ አሥራ ሁለት ጣሳ ነው። የኛ ሳጥን ጆንያውን አስቀድሞ ጣሳውን አስከትሎ ይልካል። የነሱ ሳጥን ግን ቀድሞ የሚገባው ጣሳው ነው ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ የደረሳቸው አሥራ ሁለት ጆንያ ነው።

አባቴ ጺማቸውን ያዙ። ከዚያ፣ ማረጋገጫውስ አሉኝ፣ አሥራ ሁለት ብለው መልሰው የለም ወይ። እሱ ነው ያሳበደኝ አልሁ። እነሱ ሦስት ሺህ ሰባ ሁለት ብለው ሲመልሱ መንገድ ላይ ዳግመኛ ተገለበጠና እኛ ጋ አሥራ ሁለት ሆኖ ገባ። ጋቢ ሁለት ጊዜ ቢገለብጡት ወደ ፊቱ ይመለሳል።

«ማነው ታዲያ ያጠፋው? የኛ ሳጥን ነው የነሱ?» አሉ።

ሁለቱም አላጠፉም አልሁ። በዓለም ላይ ሁለቱም ልማድ አለ፤ ትልቁን የሚያስቀድምም ትንሹን የሚያስቀድምም ማሽን አለ፣ ሠሪዎቹም ተከራክረው ተከራክረው አልተስማሙም።

«አየህ ልጄ፣ ታቦት ሲወጣ ታናናሾቹ ይቀድማሉ፣ ትልቁ ከኋላ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ ትልቁ ይቀድማል፣ ታናሹ ይጠብቃል። ሁለቱም ሥርዓት ነው። ዛሬ ማዕድ ነው ወይስ ታቦት ብሎ አስቀድሞ የማይናገር ሰው ነው ሞኙ። እሱ ማነው?»

እኔ ነኝ አልሁ። የእህል ነጋዴዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

ወዲያው ላርመው ብዬ ተነሣሁ። ገልብጬ ብልከው ተገልብጦ አሥራ ሁለት ሆኖ ይደርሳል። አባቴ ግን ያዙኝ። ሰውየው ለሦስት ሺህ ሰው ደግሰው አሥራ ሁለት ሆነን ብንደርስ ያ ንፍሮ ተረስቶ ይህ ነው የሚወራው፤ በሦስት ቀበሌ ፊት አዋርደናቸው ልጅ ስጡን ልንል ነው ወይ አሉ። ደሳለኝ ይህን ሲሰማ አጠገባችን ጎመን ትሸጥ ከነበረች ሴት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። መላው አንድ ነው፤ የቻልነውን ያህል ሰው ሰብስቦ መሄድ፣ እሑድ ጠዋት ከአፋፉ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር መላክ።

አባቴ በዚያ ገበያ ያደረጉትን ብታዩ! ሙሽራ ፈላጊ ሽማግሌ ሰምቻለሁ፣ ሠርገኛ ፈላጊ ግን አላየሁም። ጨው ተራ ሄደው ጠሩ፣ ከብት ተራ ሄደው ጠሩ። ፍየሉን ሊሸጥ የወጣ ሰው ፍየሉን ይዞ እመጣለሁ አለ። ሰው ሊያደርስ ከንፋስ መውጫ የመጣ ባጃጅ ነጂ መንገዱ እስካለ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ አለ። አባቴን ከድሮ ጀምሮ በድንበር የሚከሷቸው ሰውዬ እንኳ ተጠሩ፤ ክሱ ማክሰኞ ነው፣ እሑድ ይመቸኛል አሉ።

እኔ በዚህ መሀል ቤት ሮጬ አንድ ተጨማሪ ጅልነት ሠራሁ። ለአባቴ ሳልነግር፣ የቀደመውን ለማጥፋት ብዬ ዜሮ ላክሁ። ስሌት ሲበላሽ ዜሮ ተብሎ እንደገና ይጀመራል ብዬ ነው። ዜሮ ደግሞ ቢገለብጡት ዜሮ ነው፣ በትክክል ደረሰ። ሰው ጠፋ፣ ሠርግ ፈረሰ ማለት መሆኑ ትዝ ያለኝ ጣቴን ካነሣሁ በኋላ ነው። 

መሪጌታ አስረስ ናቸው ያተረፉኝ። ዜሮዋን ሲያዩ፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ በግዕዝ አኃዝ ሊጽፏት አልቻሉም፤ በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለችማ። ግን የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ናቸው። ቁጥር ሲገደፍ፣ ማለትም ሲካፈል፣ ምንም ትርፍ ካልቀረ «አልቦ» ይባላል። እና ከ፴፻፸፪ አጠገብ አልቦ ብለው ጻፉና ለአቶ ጌጡ ሄደው ተረጎሙላቸው። ሦስት ሺህ ሰባ ሁለት፣ ተረፈ አልቦ፤ ከዚያ አገር ቤት የሚቀር አንድም ሰው የለም። አቶ ጌጡ ሁለት ተጨማሪ በሬ አሰሩ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ደጃችን በሰው ሞላ። ገበያ ላይ እሺ ያለው ሁሉ አልመጣም፤ የመጣው ግን ለወንድሜ ሠርግ ይቅርና ለጦርም ይበቃል። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ደሳለኝ ሙሽራ መሆኑን ረስቶ ሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ወደ ማዶው የተዘረጋውን ዳስ እያየን ሳጥኑን ከጀርባዬ አወረድሁ። ስንት ነን አልሁ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት» አሉ አባቴ።

ከቁጥር ሁሉ ይህን! ከሁለት እስከ አሥር ሺህ ስንት ቁጥር አለ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ማለት እኮ ልክ አንድ ጆንያ፣ ምንም ጣሳ ነው። ሲገለበጥ ምንም ጆንያ፣ አንድ ጣሳ ይሆናል። አባየ፣ አልሁ፣ ይህን ብልክ አቶ ጌጡ ጋ የሚደርሰው አንድ ነው። አንድ ምን አሉ። አንድ ሰው አልሁ። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ሰው ተያየ። ፍየሏም አየችኝ።

አንድ ብለህ ላክና ተገልብጦ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይሁን አለ ወንድሜ፤ ተስፋ ሰውን ሂሳብ ያስተምራል። ልክ ነህ ብዬ ጣቴን አነሣሁ። አባቴ ግን ካልተገለበጠስ አሉኝ። ጣቴ አየር ላይ ቀረ። እውነታቸውን ነው። ወፍጮ ፈወስሁ ብሎ ያመነ ሰው፣ በዜሮ ፈትኖ ይሠራል ያለ ሰው፣ የወንድሙን ሠርግ በአንድ ቁጥር ላይ እንዴት አድርጎ ይምላል? ሳጥኑን አላመንሁም፤ ራሴን ደግሞ ከሳጥኑም ይበልጥ አላመንሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ ሆኜ ቆምሁ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ። «አባየ፣ ሲቆጥሩ እኔን ቆጥረውኛል?»

«አንተን? አንተን ከሳጥኑ ጋር እንጂ ከሰው ጋር መች ቆጠርሁህ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲሰድቡኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት! አንድ ጆንያ፣ አንድ ጣሳ። ጆንያው ቢቀድም አንድ፣ አንድ። ጣሳው ቢቀድም አንድ፣ አንድ። ሳጥን ቢያብድ፣ አስተማሪ ቢሞኝ፣ ከፊትም ከኋላም ቢገባ ያው ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ነው። እየሳቅሁ ተጫንሁ። ከማዶ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ተብሎ ተመለሰ፤ አባቴ እልል በሉ ሳይሉ ሴቶቹ እልል አሉ። እነሱ ጋም፣ ከሦስት ሺህ ወደዚህ መውረዱን አቶ ጌጡ ሲሰሙ ዳሱ ጥግ ሄደው ብቻቸውን አማተቡ አሉ።

ቁልቁለቱን ወረድን፣ ወንዙን ተሻገርን፣ ሽቅቡን ያዝን። አባቴ ዛሬ ማዕድ ነው ብለው አውጀው ትልልቆቹን ከፊት፣ ወጣቱን ከኋላ አሰለፉ። እኔ ከሁሉ ኋላ ነኝ። መሀል ዳገት ላይ የሳጥኑን ማንገቻ የቀጋ እሾህ ያዘው። እሱን ሳላቅቅ አንቴናው ያዘው። አንቴናውን ሳላቅቅ እኔን ያዘኝ። ጩኸቴ በዘፈኑ ተዋጠና ሰልፉ ሄደ።

አቶ ጌጡ በር ላይ መሪጌታ አስረስ ቅል ይዘው ቆመዋል። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ባቄላ ቅሉ ውስጥ ይጥላሉ። ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ ባቄላው ተዘርግፎ ተቆጠረ። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። እንደገና ተቆጠረ። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። የሙሽራው ፊት አመድ መሰለ። አቶ ጌጡ አላዘኑም፣ አልተቆጡም፤ በሩ ላይ ቆመው መሐላቸውን በዝግታ ደገሙት። አንድ ሰው ቢበልጥ ወይም አንድ ሰው ቢጎድል። ውድነሽ ከውስጥ ሆና ሰማች፤ ኋላ ስትነግረኝ፣ የጎደለው ሰው ሳጥን ተሸክሞ ይመጣል ብዬ በምን ልወቅ አለችኝ።

ብቅ ስል ይህን ሁሉ አላውቅም። ሱሪዬ ተቀዷል፣ አንቴናው ጎብጧል፣ ጸጉሬ ውስጥ ቀጋ አለ። ዳገቱ አናት ላይ ሆኜ የማየው አምስት መቶ ዓይን ብቻ ነው።  ከዚያ አባቴ ዕድሜያቸውን ረስተው ዘለሉ።

«ጣሳው መጣ! ያቺ የቀረችው ጣሳ መጣች!»

መሪጌታ የመጨረሻዋን ባቄላ ቀስ ብለው ቅሉ ውስጥ ጣሉ። ድምፅዋ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እልልታው ገደሉን ሞልቶ ወደኛ አገር ተሻገረ። አቶ ጌጡ እኔን ነው መጀመሪያ ያቀፉኝ፤ ቀጋው ወጋቸውና ወንድሜን አስከትለው አቀፉ።

ድግሱ እንዳይቀር እንዳትሰጉ። ዳሱን የሠራ፣ ሊጡን ያቦካ፣ ጋኑን የተሸከመ የሦስት ቀበሌ ሰው ነበር አይደል? ያ ሁሉ ቤቱ አልገባም፤ የደገሰው ከተደገሰለት ጋር አብሮ በላ። ስንት ሆነን እንደበላን የቆጠረ የለም፤ አቶ ጌጡ መቁጠር ይበቃል አሉ። የድንበር ከሳሻችንም ከአባቴ ጋር ከአንድ ዋንጫ ሲጠጡ አየኋቸው፤ ማክሰኞ ግን ቀርበው ከሰሷቸው። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ በሁለቱም አገር ስሜ ጣሳው ነው።

ሳጥኖቹን ልጠግን ብል አባቴ ከለከሉኝ። አመሉን ያወቁት በሬ ይሻላል፣ እንዳትነካው አሉ። ሳጥኖቹም በየቦታቸው ተቀመጡ።

ውድነሽ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ሄደች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለእረፍት መጥቼ ጓሮ ቁጭ ብያለሁ፣ ሳጥኑ ጮኸ። መስኮቷ ላይ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። ደንግጬ ተነሣሁ። አምስት መቶ አሥራ ሁለት እንግዳ እየመጣብን ነው ብዬ ስጮህ አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ቁጥሩን ከሰሙኝ በኋላ በጣታቸው አሰቡ። ሁለት ጆንያ፣ ምንም ጣሳ ነው ብለህ ታነባለህ አሉኝ። ምንም ጆንያ፣ ሁለት ጣሳ ነው። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ጣሉ፣ መንታ ወለደችልን ብለው አለቀሱ። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው ቆሜ ቀረሁ።

በሳምንቱ መሪጌታ ራሳቸው ወንዙን ተሻግረው መጡ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ነገር ግን ቤቱ ተጣልቷል አሉ። አዋላጇ ታላቁ ቀድሞ የወጣው ነው ትላለች። የውድነሽ እናት ደግሞ ታላቅ ማለት ታናሹን አስቀድሞ ከኋላ የሚወጣ ነው ብለው ሙጭጭ ብለዋል። መሪጌታ ይህን ብለው ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ። አባቴም ወደኔ አዩ።

«እሱን አትጠይቁት» አሉ አባቴ። «በእናንተ አገር ኋለኛው ታላቅ ይሁን፣ በኛ አገር ፊተኛው። ወንዙ ላይ ግን ሥርዓቱ ይነገር።»

እንዲሁም ሆነ። ልጆቹ አሁን በቅሎ ላይ መቀመጥ ችለዋል፤ ታላቅ የሆነው ከፊት፣ ታናሽ የሆነው ከኋላ። አያቶቻቸው ዘንድ ሲመላለሱ ወንዙ መሀል ስንደርስ በቅሎዋ ራሷ ትቆማለች፤ ለምዳዋለች። አንዱን አነሣለሁ፣ ሌላውን ወደፊት አስጠጋለሁ፣ ያነሣሁትን ከኋላ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በቅሎዋ ትሄዳለች፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ሆኜ እከተላለሁ።